«ዛሬ ነገ ነው?»

ከወጥ ቤታችን በር ጀርባ አንድ ሚስማር አለ። ሚስማሩ ላይ የልጄ ሞግዚት ሽርጥ ተንጠልጥሏል። ሰማያዊ ነው፤ ኪሱ አካባቢ ዘይት ጠጥቶ ወይቧል። ሞግዚቷ ወደ ዓረብ ሀገር ስትሄድ ሽርጧን ትታው ሄደች። አንድ ቀን ጠዋት ለሥራ እየተጣደፍኩ የአምስት ዓመት ልጄን ብፈልጋት ብፈልጋት አጣኋት። በመጨረሻ በበሩና በግድግዳው መሀል ተሸጉጣ አገኘኋት። ፊቷን ሽርጡ ውስጥ ቀብራለች። አታለቅስም። ዝም ብላ ታሸተዋለች።

«ሚጣ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ምንም።»

ልጅ ያላችሁ ሁሉ ይህችን «ምንም» ታውቋታላችሁ። ከትምህርት ቤት ፊታቸው ጠቁሮ ሲመጡና «ምን ሆናችሁ?» ስትሏቸው የምትመጣው እሷ ናት። እራት አልበላም ሲሉም እሷው ናት። ልጆች የተሰማቸው ነገር ከሚያውቁት ቃል ሲበልጥባቸው «ምንም» ይላሉ።

ያን ቀን ቢሮ ሆኜ ስለዚያች «ምንም» ሳስብ ዋልኩ። ማታ ላይ ለልጄ የሥዕል መጽሐፍ ልሠራላት ወሰንኩ። ሠዓሊም ደራሲም አይደለሁም። ግን የልጅን ስሜት በወረቀት ላይ ለማስቀመጥ ስታገል የተማርኳቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ለእናንተም ይጠቅሟችኋል ብዬ ነው የምጽፈው።

እድፍና ሳሙና

በመጀመሪያ ጥፋቴን ልንገራችሁ። ሞግዚቷ ቤታችን የመጣችው ልጄ ገና ዳዴ ስትል ነው። ልጄ «እታለም» ነበር የምትላት። እኔ ቢሮ ስውል የምታበላት፣ የምታስተኛት፣ ጸጉሯን የምትሠራት እሷ ነበረች። ቪዛዋ ሲመጣ ለእኔና ለባለቤቴ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላ ነገረችን። ለልጃችን ግን አልነገርናትም። «እትዬ፣ ልሰናበታት እንጂ» ብላ ለምናኝ ነበር። «ልጅቷ ተኝታ እያለች ብትሄጂ ይሻላል፣ ታለቅሳለች» አልኳት።

ጠዋት ልጄ ስትነሣ «እታለም ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳለች፣ ትመጣለች» አልኳት።

«መቼ?»

«ነገ።»

ከዚያ በኋላ ልጄ በየቀኑ ከአልጋዋ ስትወርድ የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ሆነ። «እማዬ፣ ዛሬ ነገ ነው?»

ለሦስት ሳምንት ያህል ዛሬ ነገ አልሆነም። በሩ ጀርባ ያገኘኋትም በዚህ መሀል ነው።

እንግዲህ መጽሐፉን ልጽፍ ተቀመጥኩ። የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ፤ አጭር ነገር መጻፍ እንጀራዬ ነው። በአንድ ምሽት ጨረስኩት። አንዲት ልጅ አለች፤ የምትወዳት ሞግዚት ትሄድባታለች። በሦስተኛው ገጽ ልጅቷ በጣም አዘነች። በአምስተኛው ገጽ እናቷ አዲስ አሻንጉሊት ገዛችላት። በስድስተኛው ገጽ ቀስተ ደመና ወጣ፣ ልጅቷም ደስ አላት። ቀስተ ደመናውን በሰባቱም ቀለም ቀባሁት።

ልጄ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያ መጽሐፉን ዘግታ መለሰችልኝ።

«ይቺ ልጅ ውሸቷን ነው» አለች።

ብዙ ደንበኛ ብዙ ሥራ መልሶብኝ ያውቃል። እንደዚህ ያመመኝ ግን የለም፤ ምክንያቱም ልክ ነበረች። በማስታወቂያ ሥራ ችግር የሚታየው መፍትሔው እንዲሸጥ ነው። የሳሙና ማስታወቂያ ላይ ሸሚዙ የሚያድፈው ሊነጻ ነው፤ ስለ እድፉ ማንም ግድ የለውም። እኔም የልጄን ሐዘን እንደ እድፍ ይዤው ነበር። ባሳይም ቶሎ ላስለቅቀው ነው።

ኪስ ውስጥ የቀለጠው በረዶ

አሜሪካ የምትኖረው እህቴ በመንገደኛ የላከችልን ጥቂት የሥዕል መጻሕፍት አሉን። ማታ ማታ በአማርኛ እየመለስኩ አነባቸው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ልጄን ለማስተኛት እንጂ ልብ ብያቸው አላውቅም። ከዚያች ምሽት በኋላ ግን አንድ በአንድ አውጥቼ፣ ልጅ ሳይኖር፣ ቡናዬን ይዤ አነበብኳቸው። አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ እነዚህ ሰዎች ልጄን ሳይዋሿት እንዴት ቻሉ?

የመጀመሪያው መልስ የመጣው ከዕዝራ ጃክ ኪትስ ነው። «በረዷማው ቀን» የተባለው መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ጥቁር ልጅን በዋና ገጸ ባሕርይነት ይዘው በአሜሪካ በሰፊው ከታወቁት የሥዕል መጻሕፍት ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ፒተር የሚባል ትንሽ ልጅ ቀኑን ሙሉ በበረዶ ሲጫወት ይውላል። ወደ ቤት ሲገባ ለነገ እንዲሆነው አንድ የበረዶ ድቡልቡል ኪሱ ውስጥ ይከታል። ማታ ከመተኛቱ በፊት ኪሱን ቢያይ ባዶ ነው።

ይኸው ነው። ትልቅ ሰው «በረዶ ይቀልጣል፣ ምን ያስገርማል?» ይል ይሆናል። ለልጅ ግን ኪሱ ውስጥ ያስቀመጠው ደስታ የት እንደገባ ሳይታወቅ መጥፋቱ ነው። ኪትስ ልጁ ማዘኑን ቢነግረንም አስቀድሞ ባዶውን ኪስ አሳይቶናል። ሐዘኑ የሚጨበጥ ዕቃ አግኝቷል። ልጅ «ናፍቆት» የሚለውን ቃል በእጁ ሊይዘው አይችልም፤ ኪስን ግን ይይዛል።

ይህን ሳነብ በሩ ጀርባ ያለው ሽርጥ ትዝ አለኝ። እታለም ከኪሱ ቆሎ አይጠፋም ነበር። ልጄ ስታኮርፍ እጇን ኪሱ ውስጥ ትከትና ትዘግናለች። እኔ አሻንጉሊት ስገዛ፣ የታሪኩ ዕቃ ቤቴ ውስጥ ተንጠልጥሎ ነበር።

እናንተም ለልጃችሁ ስትጽፉ ከዚህ ጀምሩ። ልጃችሁ ሲከፋው ወዴት ይሄዳል? ምን ይይዛል? የተቀደደ ብርድ ልብስ ሊሆን ይችላል፤ የአያት ከዘራ ወይም የአባት ጫማም ሊሆን ይችላል። ስሜቱን ያ ዕቃ ይሸከምላችሁ።

አማርኛችን ሆድ አለው

ሁለተኛው ትምህርት ከገዛ ቋንቋዬ ነው የመጣው። በመጀመሪያው ረቂቄ «ልጅቷ በጣም አዘነች» ብዬ ጽፌ ነበር። ይህ ዓረፍተ ነገር ስሕተት የለበትም፤ ግን ለመሣል ሞክሩት። ምን ትሥላላችሁ?

አሁን ደግሞ «ለምቦጯን ጣለች» የሚለውን ሣሉ። እጃችሁ ወዲያው የሚሠራውን ያውቃል። ሕፃኑም ሲሰማው ከንፈሩን ይነካል።

አማርኛ ስሜትን በሰውነት ላይ አድርጎ መናገር ያውቅበታል። ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ባር ባር ይላል፣ አንጀት ይንሰፈሰፋል፣ ልብ ይርዳል፣ እንባ ጉሮሮን ይተናነቃል፣ ዓይን እንባ ያቀርራል። ከዚያ ደግሞ «አለ» እያልን የምንጨርሳቸው ቃላት አሉን። ክው አለች። ፍዝዝ አለች። ሽምቅቅ አለች። ኩርምት አለች። ቦግ አለች። ፍክት አለች። እያንዳንዱ አንድ ሥዕል ነው። «ፈራች» ከማለት «ሽምቅቅ አለች» ማለት ትከሻዋን ጭምር ያሳያል። ድምፁ ራሱ ለልጅ ጆሮ የተሠራ ይመስላል፤ ደጋግሞ ማለት ያስደስተዋል።

በልጅነቱ አባባ ተስፋዬን በቴሌቪዥን ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ተስፋዬ ሳህሉ ተረት ሲነግሩን አውሬው ተቆጣ ብለው አያልፉም፤ ፊታቸው ይለወጣል፣ ድምፃቸው ይጎረንናል፣ እኛም ምንጣፉ ላይ ሽሽት እንጀምራለን። በመጽሐፍ ውስጥ ፊትና ድምፅ የለንም። ያለን ሥዕልና ቃል ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሥራ መከፋፈል አለባቸው። ሥዕሉ እንባዋን ካሳየ ቃሉ «አለቀሰች» ማለት አያስፈልገውም። ቃሉ ኪሱ ውስጥ ስለቀረችው አንዲት ፍሬ ቆሎ ይናገር።

ቀለምም ቃል ሊያስቀር ይችላል። ሞሊ ባንግ እ.ኤ.አ. በ1999 ሶፊ ስለምትባል ቁጡ ልጅ ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ልጅቷ ስትናደድ በዙሪያዋ ያለው መስመር ቀይ ይሆናል። ንዴቷ ሲበርድ ቀለሙም ይበርዳል። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ እንኳ ይህን ያነባል።

ደግሞ መናገርና ዝም ማለት

ማርቲን ዋዴል ጽፎት ፓትሪክ ቤንሰን የሣለው ስለ ጉጉት ጫጩቶች የሚናገር መጽሐፍ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ። ሦስት ጫጩቶች ሌሊት ሲነቁ እናታቸው የለችም። ሁለቱ ታላላቆች ያስባሉ፣ ይገምታሉ፣ ምግብ ልታመጣልን ይሆናል ይላሉ። ትንሹ ግን ሌላ ነገር አይልም። በየተራው የሚናገረው ያንኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የሚፈልገው እናቱን ነው። ልጄ ያን ቦታ ከእኔ ቀድማ ትለዋለች።

ትልቅ ሰው ሲጨነቅ ምክንያት ይደረድራል። ትንሽ ልጅ ሲጨነቅ አንዲት ነገር ይዞ ይደጋግማል፤ እኛም «ስንቴ ልንገርህ?» እያልን እንቆጣለን። መጽሐፉ ግን አይቆጣም። እየደጋገመ ይሰማዋል። የእኔም ልጅ የራሷ ዓረፍተ ነገር እንደነበራት ያን ጊዜ ገባኝ። «ዛሬ ነገ ነው?»

ከሁሉ ያስቸገረኝ ሞሪስ ሴንዳክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው ስለ አውሬዎች ሀገር በሚተርከው መጽሐፉ፣ ማክስ የተባለ ልጅ ሲረብሽ እናቱ እራት ሳይበላ ወደ መኝታው ትሰደዋለች። ክፍሉ ጫካ ይሆናል፤ ማክስም በጀልባ ተሳፍሮ አውሬዎቹ ጋ ይደርሳል፣ ይነግሥባቸዋል። ልብ ብላችሁ ብታዩት ሥዕሎቹ መጀመሪያ ትንንሽ ናቸው፤ ዙሪያቸው ነጭ ወረቀት ነው። የልጁ ስሜት እየገነፈለ ሲሄድ ሥዕሉም እየሰፋ ነጩን ይበላዋል። ጭፈራው ሲደርስ ሁለቱም ገጽ በሥዕል ይሞላና ቃል ጭራሽ ይጠፋል። ሦስት ጊዜ ትገልጣላችሁ፤ አንድም ፊደል የለም።

ሳነብላት እነዚያን ገጾች ቶሎ ቶሎ ነበር የማልፋቸው፤ የሚነበብ ስለሌለ። ለካ ለእሷ ዋናዎቹ እነሱ ናቸው። ልጁ በስሜቱ ውስጥ ብቻውን እንዲቆይ ደራሲው አፉን ይዞ ይጠብቀዋል። «አይዞህ» አይለውም፣ «ጎበዝ ልጅ አይናደድም» አይለውም። ማክስ ደክሞት ሲመለስ እራቱ ክፍሉ ውስጥ ይጠብቀዋል፤ አልቀዘቀዘም። ይቅርታ የሚል ቃል የለም። እናቲቱም በመጽሐፉ ውስጥ አንድም ቦታ አልተሣለችም። ትኩስ እራቱ ብቻ ይበቃል።

«አይዞህ» ግሩም ቃል ነው። ግን ቶሎ ስንለው በር ይዘጋል። በመጽሐፍም ሆነ በቤት፣ ከ«አይዞህ» በፊት አንድ ባዶ ገጽ ተዉለት።

አራት ወረቀት

የሥዕል መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ናቸው፤ የማተሚያ ወረቀት ሲታጠፍ የሚመች ቁጥር ስለሆነ። ለቤት 16 ይበቃል። አራት ኤ4 ወረቀት ደርባችሁ ለሁለት እጠፉና እጥፉ ላይ በስቴፕለር ምቱት። የፊትና የኋላ ሽፋን ይኖራችኋል፤ በመሀል ደግሞ ሰባት ጊዜ የሚገለጥ ጥንድ ገጽ። ሰባት ብቻ ስለሆነ የማይረባ ነገር ለመጻፍ ቦታ የላችሁም።

ሁለተኛውን መጽሐፍ ስጀምር ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ቤቱን ከልጄ ቁመት አየሁት። ከዚያ ሲታይ ትልቅ ሰው ጉልበትና የቀሚስ ጫፍ ነው። ስለዚህ እንደዚያው ሣልኩት። በመጀመሪያው ጥንድ ገጽ ላይ ሽርጥ፣ ኪስና ቆሎ የምትዘግን ትንሽ እጅ አለች። በሁለተኛው ማታ ነው፤ ከበሩ ሥር ሻንጣ ይታያል። በሦስተኛው ጠዋት ነው፤ የተነጠፈ ባዶ አልጋ። አራተኛው ላይ ሁለት ትልልቅ እግሮች ቆመዋል። «ትመጣለች።» «መቼ?» «ነገ።» አምስተኛው ላይ ልጅቷ በየጠዋቱ «ዛሬ ነገ ነው?» እያለች እጇን ኪሱ ውስጥ ትከታለች፤ ቆሎው ይቀንሳል። ስድስተኛው ላይ ቃል የለም። ሁለቱንም ገጽ በሰማያዊ ክሬን ሞላሁትና ጥጉ ላይ ኩርምት ያለች ልጅ ሣልኩ።

ሰባተኛው አስቸገረኝ። ሦስት ምሽት ባዶውን ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። እታለምን ልመልሳት? አትመለስም፣ ኮንትራቷ ሁለት ዓመት ነው። ቀስተ ደመና ላውጣ? ያ ተመልሶብኛል። ለሰባተኛው ገጽ የሚሆን እውነተኛ ነገር አንድ ብቻ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ያን ለመጻፍ ደግሞ ራሴን መጠየቅ ነበረብኝ። እውነት እንዳታለቅስ ብዬ ነበር እንዳትሰናበታት ያደረግኩት? ወይስ ለሌላ ሴት ስታለቅስ ማየት ስላልፈለግኩ? ልጄ ሌሊት ስትባንን የምትጠራው ስም የእኔ አልነበረም። ይህን ለባለቤቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም ነበር።

በመጨረሻ ከበሩ ጀርባ፣ ከልጅቷ አጠገብ፣ የተቀመጠች ሴት ጉልበትና የቀሚስ ጫፍ ሣልኩ። ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «እታለም ሩቅ አገር ሄዳለች። ነገ አትመጣም። ሳልነግርሽ ቀረሁ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አነበብኩላት። አምስተኛው ላይ ስደርስ «ዛሬ ነገ ነው?» የሚለውን አብራኝ አለች። ስድስተኛውን ልገልጥ ስል እጄን ያዘችኝ። ሰማያዊውን በጣቷ እየዳሰሰች ቆየች። እኔም አፌን ይዤ ጠበቅሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ከባድ ዝምታ አላስታውስም። ከዚያ ራሷ ገለጠችው።

ሰባተኛውን ሳነብ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ለምቦጯን ጣለች፣ ከዚያ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያላየሁት ለቅሶ ነው። አላባበልኳትም፤ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ያዝኳት። ሲበቃት አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ወደ መጽሐፉ ተመለሰች።

«እዚህ ጋ ፊትሽ የታለ?» አለች ጉልበቱን እያሳየችኝ።

ክሬኑን አንሥታ ከቀሚሱ በላይ ክብ ሠራች። ዓይን አደረገችለት፤ ከዚያ ወደ ታች የተጣለ ትልቅ ከንፈር።

«አንቺም ከፍቶሻል» አለችኝ።

ሰባት ጊዜ ገልጬ ያልተናገርኩትን ልጄ በአንድ መስመር ሣለችው።

እንግዲህ እናንተም ዛሬ ማታ አራት ወረቀት እጠፉ። ሥዕላችሁ ባያምር አትጨነቁ፤ የእኔ ሽርጥ ጆንያ ነው የሚመስለው። ግን ልጃችሁ «ይቺ ልጅ ውሸቷን ነው» ቢላችሁ አትከራከሩት። ወረቀቱን ተቀበሉና ከየትኛው ገጽ ጀምሮ እንደዋሻችሁ ፈልጉ። የእኔ ውሸት የጀመረው ከመጽሐፉ በፊት ነበር።

የመጽሐፉን ገጾች ፎቶ አንሥቼ ለእታለም ላክሁላት። ስልክ የምታገኘው ዓርብ ዓርብ ነው። ዓርብ ዕለት ደወለችና ልጄ ከእሷ ጋር ስለ ቆሎ፣ ስለ አውሮፕላን፣ ስለ ጸጉሯ ግማሽ ሰዓት አወራች። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሽንኩርት ከተፍኩ።

አሁንም በየጠዋቱ ከአልጋዋ ስትወርድ ትጠይቀኛለች። ጥያቄዋ ግን ተለውጧል።

«እማዬ፣ ዛሬ ዓርብ ነው?»

«አይደለም ሚጣ፣ ረቡዕ ነው። ሁለት ቀን ቀረው።»

ሁለት ጣቷን ቆጥራ ወደ ወጥ ቤት ትሄዳለች። ሽርጡ አሁንም ሚስማሩ ላይ ነው። ኪሱ ውስጥ ቆሎ የምጨምረው እኔ ነኝ።